ኩኩሪውና የፋሲካው ቅርጫ

ባሌ የሞተው በሁዳዴ፣ በደብረ ዘይት ሳምንት ነው። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ስልክ ተደውሎ ሲነገረኝ ጎመን እያጠብኩ ነበር። እሺ አልኩ። ጎመኑን አጥቤ ጨረስኩ፣ ውሃውን አጠነፈፍኩ፣ ማጠቢያውን ወለወልኩ፣ ከዚያ ነው ጫማዬን ያጠለቅኩት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ለቅሶው ላይም አላለቀስኩም። ኦሃዮ፣ ሬይኖልድስበርግ ያለው ቤታችን ለሦስት ቀን ሰው ሞላው፤ ከዌስተርቪልም ከኢስትሙርም መጡ፣ በየመንገዱ ዳር መኪና ደረደሩ። ሴቶቹ እየገቡ ያለቅሳሉ፤ በለቅሶው መሃል ደግሞ ቀና ብለው እኔን ያያሉ። አንዷ «ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላት» አለች። ሌላዋ «ደንግጣ ነው፣ ተዋት» አለች። የእኛ ሰው ሐዘንተኛ ቤት ሲገባ እንባ ይጠብቃል፤ እንባ ከሌለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ሞክሬያለሁ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ የሞተበትን ቀን፣ የተጋባንበትን ቀን እያመጣሁ ሞከርኩ። ምንም የለም። ጭራሽ ከነጠላው ሥር አዛጋሁ።

እውነቱን ለመናገር ቤቱ ዝም ያለው እሱ ከሞተ በኋላ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት እኔ የጠዋት ሺፍት፣ እሱ የከሰዓት ሺፍት ስንሠራ ኖረናል። እኔ ስገባ እሱ ወጥቷል፤ እሱ ሲገባ እኔ ተኝቻለሁ። የምንገናኘው እሁድ ነው፤ እሁድ ደግሞ ቅዳሴ አለ፣ ልብስ ማጠብ አለ፣ እንቅልፍ አለ። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ከሥራ ስመለስና ቤቱን ባዶ ሳገኘው እንደ ሁልጊዜው መሰለኝ። እህል ቀመስኩ፣ ተኛሁ፣ ተነሣሁ። መኪናዬን ከጋራዥ አስወጣለሁ፣ ማታ አስገባለሁ፣ በሩን በሪሞት እዘጋለሁ። መጋረጃ መክፈት የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

ፋሲካ እንዲህ እንዳለሁ ደረሰ።

እኛ አሥር ቤት ሆነን በየበዓሉ ቅርጫ እንገባለን። ወንዶቹ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ አንድ እርሻ ሄደው፣ በሬውን በስመ አብ ብለው ባርከው ይጥሉና መደብ መደቡን አድርገው ዕጣ ያወጣሉ። የባሌን ስም ከዝርዝሩ ለማውጣት ማንም አልደፈረም። በፋሲካ ማለዳ ሁለቱ ጓደኞቹ የእሱን መደብ በሁለት ትልልቅ ጥቁር ፌስታል ተሸክመው መጡ። በር ላይ ቆመው «እንኳን አደረሰሽ» ይበሉ «እግዜር ያጽናሽ» ይበሉ ግራ ገባቸው። አንደኛው ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ አለና ፊቱ ቀላ። ሥጋውን ኩሽና ወለል ላይ አስቀምጠው ሄዱ፤ ለሌላውም ቤት የሚያደርሱት ነበራቸው።

ፌስታሉን ስፈታው ያልተከፈለ ጭን፣ ጎድን ከነአጥንቱ፣ ሻኛ፣ ቅልጥም። በቤታችን ብልት የሚያወጣው እሱ ነበር። እኛ ሴቶች ሥጋ መክተፍ እንጂ አጥንት መስበር አልተማርንም፤ እናቴም አላደረገችውም፣ የእናቴም እናት። ጎረቤት ወንድ መጥራት ነበረብኝ። መጥራት ማለት ደግሞ ስልክ ማንሳት፣ ሰላም ማለት፣ «እንዴት ነሽ» ሲባል መመለስ ነው። ያን ሁሉ ከማደርግ መጥረቢያውን ራሴ ልፈልግ ብዬ ጋራዥ ገባሁ።

ጋራዡ የእሱ ግዛት ነበር። የሥራ ጠረጴዛው ላይ መዶሻው፣ መጋዙ፣ ሙጫው ተሰልፏል። መጥረቢያውን አጣሁት። የላይኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ፣ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ራቅ ብሎ፣ ባዲስ ነጭ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ስፈታው ከክንዴ የሚተካከል አፎት ነው፤ ጥቁር ቆዳ የለበሰ እንጨት፣ ጫፉ ላይ ናስ የተገጠመለት፣ መሃሉ ላይ እንደ መጠነኛ ማጭድ የጎበጠ። ከጀርባው ደግሞ ሁለት ትንንሽ እጀታዎች ብቅ ብቅ ብለዋል። ኩኩሪ የሚባለው ቢላዋ እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ሰፈር የኔፓል ሰው ብዙ ነው፤ ሱቆቻቸው ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ገዝቶት ይሆናል አልኩ። ለምን ገዛው፣ መቼ ገዛው ብዬ ልቤ ጥያቄ አላነሣም። በዚያ ሰሞን ልቤ ምንም አያነሣም ነበር።

በግራ እጄ አፎቱን ጥርቅም አድርጌ ጨበጥኩና በቀኜ መዘዝኩት። ስህተቱ ይኸው ነው። አፎቱ ከሁለት እንጨት የተጣበቀ ስለሆነ ስለቱ በሚያልፍበት በኩል መጋጠሚያ አለው፤ ቢላዋው ሲወጣ በዚያ መጋጠሚያ ሾልኮ ሦስት ጣቴን ቆረጠኝ። ደሙ መጀመሪያ ፎጣው ላይ፣ ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ቆሜ አየሁት። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። አላመመኝም። ማመም እንዳለበት አውቃለሁ፣ አላመመኝም። በጨርቅ አሰርኩት፣ ስለቱን ጠረግኩት፣ ወደ ሥጋው ተመለስኩ።

ኩሽና ውስጥ አንዴ ብሰነዝረው መክተፊያው ለሁለት ተከፈለ። ስለዚህ ሥጋውን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከጓሮው መሃል አምና ያስቆረጥነው ዛፍ ጉቶ ቀርቷል። ቅልጥሙን እሱ ላይ አጋደምኩት።

ይህን ቢላዋ እንደ ሌላ ቢላዋ የያዘው ሰው ይደክማል። ጀርባው የትንሿን ጣቴን ያህል ይወፍራል፤ ክብደቱ ያለው እጀታው ጋ ሳይሆን ከጉብጠቱ አልፎ፣ ሆዱ ሰፋ ያለበት ላይ ነው። መጀመሪያ በጉልበቴ ገፋሁት፤ አጥንቱን ስቶ ጉቶው ውስጥ ተቀረቀረ። ሁለተኛም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ክንዴ ዛለና ዝም ብዬ ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት። ራሱ ወረደ። ቅልጥሙ አንድ ጊዜ ጧ አለና ተከፈለ፤ ንዝረቱ በእጄ አልፎ ትከሻዬ ድረስ መጣ። ተሰማኝ። ደስታ አይደለም፣ ሐዘንም አይደለም፤ ዝም ብሎ አንድ ነገር ተሰማኝ። ከመጋቢት ወዲህ መጀመሪያዬ ነበር። ሌላውንም አጥንት አጋደምኩ።

ያን ዕለት ሥጋውን ሁሉ ጨረስኩት፤ ጥብስ የማይሆነውን አጥንት ሁሉ እንደ ለውዝ አደቀቅኩት። ማታ ልጄ ከዌስተርቪል ስትመጣ ፍሪዘሩን ከፍታ ደነገጠች። «ማሚ፣ ሁ ዲድ ዚስ?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ጣቴን አየች፣ ቢላዋውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» ደህና ነኝ አልኳት። ደህና መሆንና አለመሆን በዚያን ጊዜ አንድ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ቢላዋው ከእጄ አልጠፋም። አያያዙን ስልኬ ላይ ከቪዲዮ ተማርኩ። አፎቱን በጀርባው በኩል በጣት ጫፍ ደገፍ ነው እንጂ ጥርቅም አድርጎ መጨበጥ የለም፤ ሲመዘዝ ጀርባው አፎቱን እየተደገፈ ይውጣ። የእጀታው መሃል ቀለበት የመሰለ ጉጥ አለው፤ እሱ ከመሃል ጣትና ከቀለበት ጣት መካከል ይገባና እጅ ቢያልብም አይንሸራተትም። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ትንንሾች፣ አንዱ ስል ነው፣ ለልጣጭ ይሆናል፤ ሌላው ዱልዱም ነው፣ ትልቁን መሳያ። እጀታውና ብረቱ የሚጋጠሙበት ላይ አዲስ ሙጫ አየሁበት። ባሌ ነው አልኩ፣ ሙጫ ይወዳል። ስለቱ ከእጀታው አጠገብ ሲደርስ ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር አለው፦ መሃሏ ላይ ጥርስ የቀረላት ትንሽ ፍንጭት። ለምን እንደሆነች አላውቅም። ስብ እየገባባት ታስቸግረኛለች፤ በስቴኪኒ ነው የማወጣው።

ሥጋ ስል የበሬ ሥጋ ነው። ከፋሲካው ቅርጫ በኋላ የሰኔ ጾም ሲፈታ ሌላ ቅርጫ መጣ፤ በመሃሉ ደግሞ ከሀበሻ ሥጋ ቤት ጎድን ከነአጥንቱ እገዛ ነበር፣ እኔ ላልበላው። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ሥጋ ተሸክሞ ይመለሳል። «ሐዘኗን በሥጋ ነው የያዘችው» ብለው ያሙኝ እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ። ያሙ፣ ሰው እያጎረሱት ማማቱን አይተውም። ሥራ ውዬ ስገባ ልብሴን እቀይራለሁ፣ ጥቁሬን እለብሳለሁ፣ ጓሮ እወጣለሁ፣ አንስቼ እለቃለሁ። ሥጋ ሲያልቅ የተቆረጠ ቅርንጫፍ እከሰክሳለሁ። ሰዓቱ ይሄድልኛል።

ከሽቦ አጥሩ ማዶ የሚኖሩት አዛውንት ቡታን ተወልደው፣ ኔፓል ካምፕ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖረው፣ ከዚያ ኦሃዮ የገቡ ሰው ናቸው። ባለ ጥለት ቆባቸውን አድርገው ቀኑን ሙሉ ጎመንና ቃሪያቸው መሃል ይውላሉ። ባሌ ጠዋት ጠዋት ቤት ስለሆነ ከእሳቸው ጋር ወዳጅ ነበር። እሱ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እሳቸው «ባይ» ይሉታል፣ ታናሽ ወንድም ማለት ነው። እኔን «ባሂኒ»፣ እህቴ። እሁድ እሁድ ሁለቱ አጥሩን ተደግፈው ለሰዓታት ሲያወሩ አይ ነበር፤ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ ግን እግዜር ይወቀው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ፣ እሱ ዘመዱን ሁሉ እዚያ አጥር ላይ አድርጎት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ግን አዛውንቱ እኔ ጓሮ ስወጣ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይሉኝና ቃሪያቸውን ትተው ቤት ይገባሉ። ሁልጊዜ። ጥቁር ለባሽ ሴት ፈርተው ነው ብዬ ተውኩት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የእኔ ጉድ ግን ጠብቶ፣ መስቀልም ካለፈ በኋላ ነው የመጣው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የአዛውንቱ ምራት ከመኪናዋ ዕቃ ስታወርድ አየችኝና ወደ እኔ መጣች። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ዙሪያዋን ገላመጥ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባባ እንዳልነግርሽ ከልክለውናል፤ እንደተናገርኩ እንዳታወሪብኝ» አለች። ትልቁ በዓላቸው እየደረሰ ነው። በዓሉ ላይ ቤት ውስጥ ያለ ስለት ሁሉ ታጥቦ፣ አበባ ተደርጎለት ይቀመጣል፤ ቤተሰቡ ተራ በተራ ይሰግድለታል። የአዛውንቱ ኩኩሪ የአባታቸው ነበር። ከቡታን ሲባረሩ ይዘውት የወጡት ዕቃ እሱ ብቻ ነው፤ ካምፕ ውስጥ ሃያ ዓመት ጭድ ጣሪያ ሥር ሸሽገውት ኖረዋል። እጀታው ስለላላ በብርዱ ወራት ባሌ አስተካክልላችኋለሁ ብሎ ወሰደው። ከዚያ እሱ ሞተ። «አባባ ሐዘን ካለበት ቤት ዕቃ አይጠየቅም ይላሉ። ግን በዓሉ ደረሰ። ምናልባት ጋራዥ ውስጥ አይተሽው ይሆን?»

እፈልገዋለሁ አልኳት። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው።

እሷ ግን አልጨረሰችም። እንዳውቀው ብላ ምልክቱን ነገረችኝ፤ ከእጀታው ሥር፣ ስለቱ ላይ ትንሽ ፍንጭት አለችው አለች። ብዙ ሰው ብዙ ይላል፤ የእነሱ ቤት ግን የላም ኮቴ ናት ይላሉ። ላም እናት ስለሆነች ኩኩሪ የያዘ እጅ እሷን እንዳይነካ ማስታወሻ ናት።

ኩሽና ገብቼ ቢላዋውን አነሣሁት። ከትናንት በስቲያ ጎድን ስከፍልበት ነበር። ፍንጭቷ ውስጥ ስብ አለ።

ያኔ ነው ሁሉም ነገር ተራ በተራ የመጣልኝ። አዲሱ ነጭ ፎጣ፤ ከላይ መደርደሪያ፣ ከሌላው ዕቃና ከእኛ ቢላዎች ርቆ መቀመጡ። ባሌ ያውቅ ነበር። አምና የከሰል ምድጃውን ከአጥሩ ሥር አንስቶ ወደ ፊት ለፊት ያዞረው ጊዜ «ጭሱ ወደ እኛ ነው» ብዬ ተነጫንጬበታለሁ፤ እሱ ሳቅ ብሎ ከሰሉን ማቀጣጠል ቀጠለ። ለእሱ ተነግሮታል። ለእኔ መቼ ይንገረኝ? ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያንዳችን መኪና ሲገባ የሌላው ይወጣል።

ለልጄ ኮል አደረግኩላት። ነገሩን ስነግራት ሳቋ መጣ፣ ከዚያ ዋጠችው። «ማሚ፣ ጀስት ዋሽ ኢት» አለችኝ። በክሎሪን እጠቢውና ስጫቸው፤ አያውቁ፣ አይጎዱ። «እሳቸው ካላወቁ ሃው ኢዝ ኢት ኧ ፕሮብሌም?» ልጄ ክፉ አይደለችም። እውነቷን ነው፣ ማንም አያውቅም።

አጠብኩት። በሳሙና፣ በሎሚ፣ በጨው፣ ፍንጭቷን በጥርስ ብሩሽ። አፎቱን በአልኮል ወለወልኩ። መስኮት ላይ ሲደርቅ አዲስ መሰለ። ግን እኔ የጾም ድስት ያለኝ ሴት ነኝ። ልጄ ገና ተማሪ እያለች በጾም ድስቴ እንቁላል ጠብሳ፣ አጥባ፣ ቦታው መልሳ አግኝቻታለሁ። «ታጥቧል እኮ ማሚ» ነው ያለችኝ ያኔም። አልተቆጣኋትም። ድስቱን አውጥቼ ጣልኩት። ከሌላ እጅ የታረደ ሥጋ የማልበላ ሰው፣ ቅቤ የነካው ማንኪያ ሽሮዬ ውስጥ ሲገባ ድስቱን የምደፋ ሰው፣ ለእኚህ ሽማግሌ ደርሶ መታጠቡ ምን እንደሚበቃ እኔ ልፍረድ? ሦስቱ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው ይህን ነገር ከፊታቸው አስቀምጠው ግንባራቸውን ሊነኩለት ነው። ዝም ብል እኔ ነኝ የማውቀው። ብናገር የአባታቸውን ቢላዋ እስከ ወዲያኛው እገድልባቸዋለሁ። ሳምንት ሙሉ ሳልቆርጥ ከረምኩ። እጄ ሥራ ፈትቶ ጭኔ ላይ ይቀመጣል። ማታ አጥሩ ጋ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መብራት አጠፋለሁ፤ ፍርሃት መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ፍርሃት እንኳ ተመልሶ መምጣቱ ገረመኝ።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ አዛውንቱ የመጨረሻውን ቃሪያ ይለቅሙ ነበር። ኩኩሪውን ባዲስ ፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አንስተው ሊገቡ ሲሉ «ጋሼ» ብዬ ጠራኋቸው። ከእኔ አፍ ሰምተውት አያውቁም፤ ቆሙ። ወደ አጥሩ መጡ። በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ፎጣውን ገለጥ አደረጉና አፎቱን ግንባራቸው ላይ ነኩት።

«ቆይ ጋሼ» አልኩ። እንግሊዝኛዬ እንደ እሳቸው የተሰባበረ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስናገር ደግሞ ነገር ሁሉ ራቁቱን ነው የሚወጣው። «ይሄ ቢላዋ ላም ቆርጧል። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። የእርስዎ መሆኑን አላወቅኩም። ብዙ ጊዜ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ።»

 ያልገባቸው መሰለኝ። «ላም» ብዬ ደገምኩ፤ ይግባቸው ብዬ ሁለት ጣቴን ራሴ ላይ እንደ ቀንድ አቆምኩ። ጥቁር የለበሰች የሃምሳ አራት ዓመት ሴት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቀንድ አውጥታ።

«አውቃለሁ ባሂኒ» አሉኝ።

በጣታቸው ከኋላቸው ያለውን የቤታቸውን የላይኛውን መስኮት አሳዩኝ። ቀስ እያሉ፣ ቃል እየፈለጉ ነገሩኝ። የበዓላችሁ ቀን ሁለት ሰዎች ጥቁር ፌስታል ይዘው ሲገቡ አየን አሉ። ከዚያ አንቺ በጓሮ ብቅ አልሽ። ገና ከበሩ ስትወጪ ቢላዋውን አወቅኩት። ጫማዬን አድርጌ ልጮህብሽ በሩ ድረስ ወረድኩ። ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ።

«አራት ሳምንት መኪናሽ ሲወጣና ሲገባ እናያለን፣ አንቺን አናይም» አሉ። «መጋረጃው ዝግ ነው። ባለቤቴ በየጠዋቱ ታያለች፣ ዛሬም አልከፈተችም ትለኛለች። ያን ቀን ወጣሽ። ትቆርጫለሽ። ባለቤቴ ተዋት፣ እየቆረጠች ነው አለችኝ።»

ለምን አልከለከሉኝም አልኩ። 

ቆባቸውን አስተካከሉ። ካምፕ ሳለን ልጃችን ሞተ አሉ። የመጀመሪያው። ባለቤቴ ዓመት ሙሉ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ምግብ አትሠራም፣ እንጨት አታነሣም። እጇ ላይ የማስይዛት ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ካምፕ ነው፣ ምን አለ? ቢላዋው ነበር። የአባቴ ነው ብዬ አልሰጠኋትም። «እሷ አንቺን ስታይ ይሄንን አስታወሰችኝ» አሉ። «ከዚያ ለቤቱ ሰው ሁሉ ማንም እንዳይጠይቃት አልኩ። አንቺ ስትወጪ እኔ የምገባው ፊቴን አይተሽ እንዳታቆሚ ነው።»

«በዓሉስ?»

«ገዛን» አሉና በሁለት ጣታቸው አንድ ስንዝር ያህል ለኩልኝ። የኩሽና ቢላዋ ነው፣ እጀታው ፕላስቲክ። በዓሉ ላይ ለእሱ ይሰገዳል። ኩኩሪውን መዘው እጀታውን ወዘወዙት፤ አልተነቃነቀም። «ባይ ጥሩ ሠርቷል» አሉ። ወደ አፎቱ መለሱትና በፎጣው ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው፣ በአጥሩ ላይ መልሰው ሰጡኝ።

ልቀበል እጄን ስዘረጋ መጀመሪያ የመጣብኝ እፍረት ነው፤ ጆሮዬ ድረስ ነደደኝ። ከእፍረቱ ሥር ሌላ ነገር መጣ። ባሌ ናፈቀኝ። ይህን ወሬ ለእሱ መንገር ነበረብኝ፤ ይሄ ሌላ ለማን ይነገራል? ማታ እስኪገባ ቁጭ ብዬ ጠብቄ፣ ተኝቼ ሳይሆን ነቅቼ፣ ጋሼ ምን እንዳሉ ብነግረው። ሽቦውን ይዤ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። አዛውንቱ ቆባቸውን አውልቀው፣ እስክጨርስ ድረስ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ጠበቁኝ።